የጥራት ሥርዓት መሪ ኦዲተር ለመሆን የትኛው ስልጠና ይመረጣል? በሰሜን ሸዋ ለሚገኙ ባለሙያዎች የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

በደብረ ብርሃን የቢራ፣ የብርድ ልብስ፣ የመስታወት ወይም የአልባሳት ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ክፍል የሚሠራ ሰው የመሪ ኦዲተር (የአንድን ድርጅት የጥራት ሥርዓት የሚመረምር ቡድን መሪ) ስልጠና ለመውሰድ፣ በተለምዶ እንደሚባለውም «ሊድ ኦዲተር» ለመሆን ሲነሳ፣ አስቀድሞ የሚደርሰው መረጃ ዋጋ ነው። ማስታወቂያዎቹ ሁሉ አምስት ቀን፣ ዓለም አቀፍ እውቅና እና የምስክር ወረቀት ስለሚሉ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የብር ብቻ ይመስላል፤ በዚህም የተነሳ ከኪሱ የሚከፍለው ርካሹን፣ መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልለት ደግሞ ውዱን ይመርጣል። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጣል። አስቀድሞ የሚጠይቀው ሰልጣኙ ከስልጠናው በኋላ ምን ሥራ፣ ለማን እንደሚሠራ ሲሆን፣ የስልጠናውን ዓይነት፣ ለኮርሱና ለኦዲተሮቹ እውቅና የሚሰጠውን መዝጋቢ ተቋምና ቦታውን የሚያነጻጽረው ከዚያ በኋላ ነው።

አምስቱ ቀናት የሚሰጡትና የማይሰጡት

ስልጠናው በሦስት ሰነዶች ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) ያወጣው፣ የጥራት ሥራ አመራር ሥርዓት መስፈርቶችን የያዘው አይኤስኦ 9001 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ወጥቶ በ1994፣ በ2000፣ በ2008 እና በ2015 ተከልሷል። «9001፡2015» ሲባል ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ማስታወስ አይከፋም፤ በእኛ አቆጣጠር 2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የወጣ ሰነድ ነውና በ2015 ዓ.ም. የወጣ አድርጎ የሚቆጥር ሰው አይጠፋም። ተግባራዊ መስፈርቶቹ ከአንቀጽ 4 እስከ አንቀጽ 10 ባሉት ውስጥ ይገኛሉ። ሁለተኛው ሰነድ ኦዲት እንዴት እንደሚታቀድ፣ እንደሚካሄድና እንደሚዘገብ የሚመራው አይኤስኦ 19011፡2018 ሲሆን፣ ሦስተኛው የምስክር ወረቀት ሰጪ ድርጅቶች፣ ማለትም የሌሎችን ድርጅቶች ሥርዓት መርምረው ማረጋገጫ የሚሰጡት፣ ራሳቸው የሚመዘኑበት አይኤስኦ 17021፣ ክፍል 1 ነው። ሰልጣኙ ሦስተኛውን ሰነድ የሚፈልገው በምስክር ወረቀት ሰጪ ድርጅት ውስጥ ለመሥራት ካሰበ እንጂ በፋብሪካው ውስጥ ለሚቆይ ሰው ጥቅሙ ትንሽ ነው።

የመሪ ኦዲተር ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 40 ሰዓት ያህል የሚፈጅና በአምስት ተከታታይ ቀናት የሚሰጥ ነው። በእነዚህ ቀናት ሰልጣኞች በቡድን ተከፍለው የአንድን ምናባዊ ድርጅት ሰነድ ይመረምራሉ፣ የኦዲት ዕቅድና የጥያቄ ዝርዝር ያዘጋጃሉ፣ የመክፈቻ ስብሰባ ይመራሉ፣ ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ፣ ማስረጃ ይሰበስባሉ፣ የተገኘውን ኖንኮንፎርሚቲ (ከመስፈርቱ ጋር የማይስማማ ጉድለት) ከአንቀጽ ቁጥር ጋር አያይዘው ይጽፋሉ፣ በመዝጊያ ስብሰባም ያቀርባሉ። ከፈተናው ይልቅ ሰልጣኞችን የሚያስቸግረው ኖንኮንፎርሚቲ መጻፍ ነው፤ ምን መስፈርት እንደተጣሰ፣ በምን ማስረጃ እንደታወቀና ጉድለቱ ምን እንደሆነ በሁለትና በሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ያለ ግምትና ያለ ወቀሳ ማስቀመጥ ልምምድ ይጠይቃል። ኮርሱ ግን መስፈርቱን ከመነሻው አያስተምርም። ሰልጣኙ አይኤስኦ 9001ን አስቀድሞ አንብቦ እንደሚመጣ ይታሰባል፤ ሳያነብ የገባ ሰው ሁለቱን ቀን አንቀጽ ሲያገላብጥ ያሳልፋቸዋል።

ኮርሱ የማይሰጠው ነገር ከሚሰጠው ይልቅ በማስታወቂያ ላይ ይደበቃል። አምስት ቀን ተምሮ ፈተናውን ያለፈ ሰው የመሪ ኦዲተር ኮርስ ያለፈ ሰው እንጂ መሪ ኦዲተር አይደለም። የ19011 የ2002 እትም ይህንን በቁጥር አስቀምጦት ነበር፦ የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ፣ ከዚህም ውስጥ ሁለቱ በጥራት ሥራ ላይ፣ የ40 ሰዓት ስልጠና፣ በሌላ ኦዲተር ክትትል ሥር አራት ሙሉ ኦዲት በጠቅላላው ከ20 ቀን ባላነሰ፣ መሪ ለመሆን ደግሞ በተጨማሪ ሦስት ሙሉ ኦዲት ከ15 ቀን ባላነሰ ቡድን እየመሩ። የ2011 እትም ቁጥሮቹን አንስቶ የብቃት ምዘናን ቢተካም፣ መዝጋቢ ተቋማት የሚጠይቁት ልምድ ዛሬም ከዚህ መንፈስ ብዙ አልራቀም። ስለዚህ ማንኛውንም አማራጭ ሲመዝኑ ከአምስቱ ቀን ይልቅ ከእነሱ በኋላ የሚመጡትን የኦዲት ቀናት ማን እንደሚሰጥ መጠየቅ ይሻላል።

መጀመሪያ ሥራው ይለይ

ኦዲት በሦስት ወገን ይከፈላል። ድርጅት ራሱን ሲመረምር የውስጥ ወይም የመጀመሪያ ወገን ኦዲት፣ ገዢ አቅራቢውን ሲመረምር የሁለተኛ ወገን፣ ከሁለቱም ነጻ የሆነ የምስክር ወረቀት ሰጪ ድርጅት ሲመረምር ደግሞ የሦስተኛ ወገን ኦዲት ይባላል። አንድ ሰው የትኛውን ስልጠና እንደሚያስፈልገው የሚወስነው ከሦስቱ በየትኛው እንደሚሠራ ነው።

በፋብሪካው ውስጥ ለሚቆይ ሰው፣ በእኔ ግምት ደግሞ በአካባቢያችን ከሚጠይቁት አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው፣ የሚበቃው የውስጥ ኦዲተር ስልጠና ነው። ይህ ስልጠና በሁለት ወይም በሦስት ቀን ያልቃል፣ በአማርኛ ሊሰጥ ይችላል፣ ምሳሌዎቹም ከፋብሪካው የራሱ ሥራ ሊወሰዱ ይችላሉ። የውስጥ ኦዲትን የሚያዝዘው የአይኤስኦ 9001 አንቀጽ 9.2 የመሪ ኦዲተር ምስክር ወረቀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ኦዲቱ በታቀደ ጊዜ እንዲካሄድና የኦዲተሮቹ ምርጫ ገለልተኝነትን እንዲያስጠብቅ ነው። ገለልተኛ ለመሆን ማንም የራሱን ሥራ መመርመር አይችልም። ፋብሪካው የጥራት ክፍል ኃላፊውን ብቻ በውድ ዋጋ አሰልጥኖ መሪ ኦዲተር ቢያደርገው፣ የጥራት ክፍሉን የሚመረምር ሰው አይኖርም ማለት ነው። በዚያው ገንዘብ ከፈትል፣ ከሽመና፣ ከመጋዘን፣ ከግዢና ከጥገና አንዳንድ ሰው ወስዶ የውስጥ ኦዲተር አድርጎ ማሰልጠን እርስ በርስ የሚመረምር ቡድን ይፈጥራል።

ይህ ለወረቀት ብቻ የሚባል አይደለም። በፈትል ክፍል ውስጥ ያለው የእርጥበት መለኪያ መቼ ካሊብሬት እንደተደረገ (ልኬቱ ትክክል መሆኑ እንደተረጋገጠ) መጠየቅ፣ አንቀጽ 7.1.5፣ ማንም የሰለጠነ ሰው ሊያደርገው ይችላል። ነገር ግን ከመንዝ በሰብሳቢዎች በኩል የሚገባ ሱፍ በምን መስፈርት ተመዝኖ እንደሚገዛ፣ ሰብሳቢው ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እርጥብ ወይም አሸዋ የበዛበት ሱፍ እንዳመጣ፣ ይህም በአቅራቢ ግምገማው ላይ ተመዝግቦ እንደሆነ የሚጠይቀው፣ ነገሩ አንቀጽ 8.4 ቢሆንም፣ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ነው። ጉድለት ያለበት ምርት ከደህናው ተለይቶ የት እንደሚቀመጥም እንዲሁ፤ በሌሊት ፈረቃ የሠራ ሰው ቀን መጥቶ ከሚጎበኝ ሰው ይልቅ የት ማየት እንዳለበት ያውቃል።

የፋብሪካ ሠራተኛ የመሪ ኦዲተር ኮርስ ሊወስድ የሚገባበት ሁኔታም አለ። የዓመቱን የኦዲት ፕሮግራም የሚያቅደውና የሌሎቹን ኦዲተሮች ሥራ የሚገመግመው እሱ ከሆነ፣ ድርጅቱ አቅራቢዎቹን በቦታቸው ሄዶ የሚመረምር ከሆነ፣ ወይም የውጭ ገዢዎች እየመጡ የሚመረምሩት የአልባሳት አምራች ከሆነና ከኦዲተሮቹ ጋር የሚቀመጠው እሱ ከሆነ፣ አምስቱ ቀን ዋጋቸውን ይመልሳሉ። ከኦዲተሩ ወገን ሆኖ ያላየ ሰው በመዝጊያ ስብሰባ ላይ የሚነገረውን ግኝት መከራከር የሚገባውን ከማይገባው ለመለየት ይቸገራል።

በምስክር ወረቀት ሰጪ ድርጅት ውስጥ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ጉዳይ የተለየ ነው፤ እሱ ያለ መሪ ኦዲተር ኮርስ በር አያገኝም። የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ከአገር ውስጥ፣ እንደ ኤስጂኤስና ቢሮ ቬሪታስ ያሉት ደግሞ ከዓለም አቀፎቹ በአዲስ አበባ የሚገኙ ናቸው። እነዚህ ድርጅቶች ሰው ሲመርጡ ከኮርሱ ቀጥሎ የሚያዩት፣ አንዳንዴም ከኮርሱ በፊት የሚያዩት፣ የዘርፍ ልምድን ነው። የምስክር ወረቀት ሰጪዎችን የሚመዝኑ አካላት ማኅበር የሆነው የዓለም አቀፉ የአክሪዲቴሽን ፎረም ኢኮኖሚውን በ39 ዘርፎች ከፍሎታል፤ ምግብና መጠጥ ቁጥር 3፣ ጨርቃ ጨርቅ ቁጥር 4፣ መስታወትን የሚያካትተው የብረት ያልሆኑ ማዕድናት ውጤት ቁጥር 15፣ ሲሚንቶና ኮንክሪት ቁጥር 16 ናቸው። ኦዲተር በማያውቀው ዘርፍ ብቻውን እንዲመድቡት አይፈቀድላቸውም። ከዚህ የምወስደው ምክር ግልጽ ነው፦ በደብረ ብርሃን ቢራ ጠመቃ ላይ አምስት ዓመት የሠራች የላብራቶሪ ባለሙያ ሥራዋን ለቅቃ ሦስት የምስክር ወረቀት ከመሰብሰብ ይልቅ ሥራዋ ላይ ሆና አንዱን ኮርስ ብትወስድ ተፈላጊነቷ ይበልጣል። በዓለም ዙሪያ ብዙ ኦዲተሮች ቋሚ ተቀጣሪ ሳይሆኑ በኦዲት ቀን የሚከፈላቸው ስለሆኑ፣ ሥራ ለቅቆ መግባት ራሱን የቻለ አደጋ አለው።

አማካሪ ለመሆን የሚያስብ ደግሞ ሁለቱን መንገድ አንድ ላይ መሄድ እንደማይቻል ይወቅ። በ17021፣ ክፍል 1 መሠረት አንድን ድርጅት ያማከረ ሰው ምክሩ ካለቀ ሁለት ዓመት እስኪሞላ ድረስ የዚያው ድርጅት ኦዲት ላይ ሊመደብ አይችልም። የፋብሪካዎቹ ቁጥር ውስን በሆነበት አካባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ዘንድሮ ሦስት ፋብሪካ ያማከረ ሰው በቅርቡ ሊመረምር የሚችላቸውን ሦስት ፋብሪካዎች ከፊቱ አነሳ ማለት ነው።

ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ወይም ከሌላ ተቋም ገና ለተመረቀና ሥራ ላልያዘ ወጣት የምመክረው እንዳይቸኩል ነው። ቤተሰብ በግ ሸጦ፣ ወይም ዘመድ ተበድሮ የሚከፍለው የመሪ ኦዲተር ኮርስ የኦዲት ልምድ ከሌለው ሰው እጅ ላይ የሚያደርሰው የጀማሪ ደረጃ ምዝገባ ነው። ስለ 9001 የአንድ ወይም የሁለት ቀን መሠረታዊ ኮርስ እና የውስጥ ኦዲተር ስልጠና በዋጋ እጅግ ያነሱ ሲሆኑ፣ ለጥራት ቁጥጥር ወይም ለሰነድ ቁጥጥር የሥራ መደብ ለሚያመለክት ሰው በቂ ናቸው።

መዝጋቢ ተቋማቱን ማነጻጸር

አይኤስኦ ራሱ ለማንም የምስክር ወረቀት አይሰጥም፣ አሰልጣኝም አይፈቅድም። «በአይኤስኦ የጸደቀ ስልጠና» የሚል ማስታወቂያ የወጣበት ቦታ ካለ አቅራቢው ወይ ጉዳዩን አያውቀውም፣ ወይ እያወቀ ነው፤ ሁለቱም ለሰልጣኝ አይበጁም። እውቅና የሚሰጡት የኦዲተሮች መዝጋቢ ተቋማት ናቸው፤ በእኛ አገር ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳውም ሦስት ናቸው።

አይርካ እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝ የተቋቋመ ሲሆን የቻርተርድ ኳሊቲ ኢንስቲትዩት አካል ነው። ኮርሱን ራሱ አያስተምርም፤ አሰልጣኝ ድርጅቶችን መርምሮ ለእያንዳንዱ ኮርስ ለየብቻ ፈቃድ ይሰጣል። ይህ ማለት አንድ ድርጅት ለአካባቢ ጥበቃ ኮርስ ፈቃድ ስላለው ለጥራት ኮርሱም አለው ማለት አይደለም፤ ሰልጣኙ በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ዝርዝር ከፍቶ የኮርሱን ስም ጭምር ማየት አለበት። ሰልጣኝ የሚያልፈው በአምስቱ ቀን ውስጥ በሚደረግ ተከታታይ ምዘናም በፈተናም ሲያልፍ ነው፤ ፈተናውን አልፎ በልምምዱ የወደቀ አያልፍም። በአሠሪዎች ዘንድ ስሙ ይበልጥ የሚታወቀው ይህ ነው፤ ድክመቱ መመዝገቢያውና ዓመታዊ ክፍያው በፓውንድ መታሰቡ ነው። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ፦ ኮርሱን ማለፍና በመዝገቡ ላይ መስፈር ሁለት ጉዳዮች ናቸው፣ የኮርሱ ምስክር ወረቀት ያለ ምዝገባም ለአሠሪ ይቀርባል። በመዝገብ ላይ መስፈር ለፋብሪካ ሠራተኛ የግድ አይደለም።

ፒኢሲቢ መቀመጫው በካናዳ ነው። ኮርሱን በአጋሮቹ በኩል ያሰጣል፣ ፈተናውንና ለሰልጣኙ የሚሰጠውን የግል ሰርተፊኬት ግን ራሱ ይቆጣጠራል። ፈተናው ሦስት ሰዓት ሲሆን ማለፊያው 70 በመቶ ነው። ለእኛ ሰው የሚመቸው ደረጃዎቹ ግልጽ መሆናቸው ነው፦ ልምድ የሌለው ሰው ጀማሪ ኦዲተር፣ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድና 200 ሰዓት የኦዲት ሥራ ያለው ኦዲተር፣ አምስት ዓመት ልምድና 300 ሰዓት ያለው ደግሞ መሪ ኦዲተር ተብሎ ይመሰከርለታል፤ ፈተናው ግን ለሁሉም አንድ ነው። አንዴ ተፈትኖ ልምድ ሲጨምር ደረጃውን ማሳደግ ስለሚቻል፣ ዛሬ ሁለት ዓመት ብቻ የሠራ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አላወጣም። ሰርተፊኬቱን በየጊዜው ለማደስ ክፍያና የሙያ ማሻሻያ ሰዓት ማሟላት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ኤግዘምፕላር ግሎባል ሥሩ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ያለ ሲሆን ብቃትን በክፍል ከፋፍሎ ይመዝናል፤ የጥራት ሥርዓት እውቀት፣ የኦዲት ክህሎትና ቡድን የመምራት ክህሎት ለየብቻ ይታያሉ። አሠራሩ ጥሩ ነው። በአገራችን የሚሰጡት ኮርሶች ግን ከሁለቱ ያነሱ ስለሚመስሉኝ፣ ሌላ ምክንያት ከሌለ አስቀድሜ የምጠቁመው እሱን አይደለም።

ከሦስቱ በአንዱም ያልተመዘገበ ኮርስስ? ለውስጥ ኦዲት እስከሆነ ድረስ አሰልጣኙ ብቁ ከሆነ ምንም አይጎድልበትም። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት እና የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት የሚሰጧቸው ስልጠናዎች ለዚህ ሊታዩ ይገባል፤ ክፍያቸው በብር ነው፣ ለመንግሥት ድርጅትም የግዢ ሥርዓቱ ቀላል ነው። በመሪ ኦዲተር ስም የሚሰጥ ያልተመዘገበ ኮርስ ግን ዋጋው ቢያንስም አልመክረውም፤ ለፋብሪካው ከሚያስፈልገው ይበልጣል፣ ለውጭው አሠሪ ደግሞ አይበቃም።

አዲስ አበባ፣ ኢንተርኔት ወይስ እዚሁ ደብረ ብርሃን?

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በካርታ ሲታይ ቅርብ ስለሆነ «እየተመላለስኩ እማራለሁ» የሚል ሰው ይኖራል፤ ኮርሱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አመሻሽ ላይ የሚያልቅና የማታ የቤት ሥራ ያለበት መሆኑን ካወቀ ግን ሐሳቡን ይለውጣል። እሁድ ወደ አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ ገብቶ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ መመለስ ነው የሚያዋጣው፤ በመሆኑም የአምስት ወይም የስድስት ሌሊት አልጋ፣ ምግብና ትራንስፖርት በዋጋው ላይ መደመር አለበት። ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ ወይም ከዓለም ከተማ ለሚመጣ ሰው አንድ ቀን ይጨመራል። መሥሪያ ቤቱ ውሎ አበል የሚከፍል ከሆነ ይህ አስቀድሞ በጽሑፍ ይያዝ፤ ብዙ ጊዜ የስልጠናው በጀት ጸድቆ የአበሉ ሳይጸድቅ ይቀራል። የአካል ስልጠናው ትልቁ ጥቅም ልምምዱ ነው። በመክፈቻ ስብሰባ ላይ ቆሞ መናገርን፣ የማይመልስ ተጠያቂን ማናገርን ፊት ለፊት ካልሆነ በደንብ መማር ያስቸግራል።

በቀጥታ በኢንተርኔት የሚሰጠው ኮርስ ሰዓቱና ፈተናው እኩል ሆኖ የአልጋና የመንገድ ወጪን ያስቀራል፣ አሰልጣኙም ከናይሮቢ ወይም ከለንደን ሊሆን ይችላል። ካሜራ ከፍቶ ሙሉ ሰዓቱን መገኘት ግን ግዴታ ነው፤ ጥቂት ሰዓት የቀረ ሰው ፈተና ላይ ላይቀመጥ ይችላል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱን ያየ ሰው በሞባይል ዳታ ብቻ ተማምኖ እንዲህ ያለ ኮርስ አይከፍልም። በፋብሪካ ወይም በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለ የመስመር ኢንተርኔት፣ ጄኔሬተር ባለበት ክፍል፣ ከፈረቃ ሥራ ነጻ ሆኖ መቀመጥ የሚችል ሰው ይምረጠው። ግንኙነት ቢቋረጥ ሌላ ጊዜ ያለ ክፍያ መቀጠል ይቻል እንደሆነም በጽሑፍ ይጠይቅ። አስቀድሞ የተቀረጸ ቪዲዮ ተመልክቶ ጥቂት የምርጫ ጥያቄ በመመለስ «መሪ ኦዲተር» የሚያደርገው ርካሽ ኮርስ ደግሞ ለንባብ ማገዣ ይሆናል እንጂ በዚህ ንጽጽር ውስጥ አይገባም።

ሦስተኛው አማራጭ ብዙም አይነሳም፣ ለእኔ ግን ለአካባቢያችን የተሻለው ነው፦ አሰልጣኙን እዚህ ማምጣት። ሃያ ሰው የሚልክ ድርጅት ባይኖርም በደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥና በከተማዋ ካሉት ፋብሪካዎች አራት ወይም አምስት ተባብረው እያንዳንዳቸው ሦስት አራት ሰው ቢልኩ አንድ ክፍል ይሞላሉ። የአሰልጣኙ የጉዞና የአልጋ ወጪ ለአንድ ሰው እንጂ ለሃያ አይሆንም። መንገድ በጸጥታ ምክንያት በሚስተጓጎልበት ጊዜም የሚዘገየው የአንድ ሰው ጉዞ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ አሰልጣኙ ካስፈቀደ አንዱን ከሰዓት በኋላ በአንዱ ፋብሪካ ወለል ላይ ማሳለፍ ይቻላል። እንቅፋቱ የገበያ ምስጢር ነው፤ ሁለት ቢራ ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸውን በአንድ ጠረጴዛ ለማስቀመጥ አይቸኩሉም፣ ስለዚህ ቡድኑን ከተለያየ ዘርፍ ማደባለቅ ይቀላል። ክፍያውን ማን ይሰበስባል፣ ፕሮፎርማው በማን ስም ይወጣል የሚለው ደግሞ ከስልጠናው ይበልጥ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል አንዱ ድርጅት ኃላፊነቱን ቢወስድ ይሻላል።

የጥራት ወይስ የእህት ስታንዳርዶች?

ቢራ፣ የታሸገ ውኃ፣ ዱቄት ወይም ከሸዋ ሮቢት አካባቢ ማሾ አዘጋጅቶ የሚልክ ድርጅት ውስጥ ያለ ሰው፣ ገዢዎቹ የሚጠይቁት የምግብ ደኅንነት ከሆነ፣ ከ9001 በፊት አይኤስኦ 22000፡2018ን ማየት አለበት። የሁለቱ መዋቅር ከአንቀጽ 4 እስከ 10 አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዱን የተማረ ሌላውን በአጭር ጊዜ ይይዘዋል። አንዳንድ አሠልጣኞች የመጀመሪያውን ሙሉ ኮርስ ላለፈ ሰው ለሁለተኛው ስታንዳርድ ያጠረ ኮርስ ይሰጣሉ። በላብራቶሪ ውስጥ ለሚሠራ ደግሞ ስታንዳርዱ 17025 ነው፤ ይህኛው የሚመዘነው በኢትዮጵያ አክሪዲቴሽን አገልግሎት ገምጋሚዎች እንጂ በመሪ ኦዲተሮች ስላልሆነ መንገዱም ሌላ ነው።

ከመክፈል በፊት

ዋጋው በብር ነው ወይስ በውጭ ምንዛሪ? ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ በዶላር የተሰላ ዋጋ በፕሮፎርማው ቀንና በክፍያው ቀን መካከል ሊለወጥ ይችላል። ፕሮፎርማው ለስንት ቀን እንደሚጸና፣ ቫት እንደጨመረ፣ የፈተናና የሰርተፊኬት ክፍያ ውስጡ እንዳለ፣ ወድቆ ድጋሚ መፈተን ስንት እንደሚያስከፍል በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። ከዚህ ሁሉ አንዱ ከጎደለ ርካሹ ኮርስ መጨረሻ ላይ ውድ ሆኖ ይገኛል።

የእትሙም ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በ9001 ላይ ስለ አየር ንብረት ለውጥ አጭር ማሻሻያ ተጨምሯል፤ የ2015ቱን እትም የሚተካ ረቂቅም በ2025 ለአስተያየት ወጥቷል። ባለፈው ጊዜ ከ2008ቱ ወደ 2015ቱ እትም ለመሸጋገር ሦስት ዓመት ተሰጥቶ ነበር። አሁን የሚመዘገብ ሰው ስልጠናው በየትኛው እትም እንደሚሰጥና የመሸጋገሪያ ኮርሱ በዋጋው ውስጥ መኖሩን ይጠይቅ። ይህን ሲሰማ የሚደናገር ሻጭ ከገጠመው ሌላ ቢፈልግ አይቆጨውም።

አሠሪው የሚከፍል ከሆነ የግዴታ ውል ይፈረማል። አንድ ዓመት ማገልገል ለአምስት ቀን ስልጠና ተገቢ ሊባል ይችላል፤ ሦስት ዓመት ግን ከዚያ በኋላ ኦዲተር ለመሆን ለሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ውሉ ላይ ሊጨመር የሚገባው ሌላ ሐሳብ አለ፣ ብዙ ሰው ግን አይጠይቀውም፦ ሠራተኛው በውሉ ዘመን ውስጥ በዓመት ስንት ቀን ከፋብሪካው ውጭ፣ በአቅራቢዎች ወይም በእህት ድርጅት፣ ኦዲት እንዲያደርግ ይፈቀድለታል የሚለው ነው። ድርጅቱ ይህንን ከፈቀደ የግዴታ ዓመቱ ለሁለቱም ይጠቅማል። ካልፈቀደ ግን ሠራተኛው ውሉን ጨርሶ ሲወጣ የኮርስ ወረቀት እንጂ የኦዲት ቀን አይኖረውም።

ከመጀመሪያው ኦዲት ጀምሮም የኦዲት መዝገብ ይያዝ። ቀኑ፣ የተመረመረው ድርጅትና ዘርፉ፣ ስታንዳርዱ፣ በቦታው ላይ የዋለበት ቀን ብዛት፣ የተሳተፈበት ኃላፊነትና የቡድን መሪው ፊርማ ይገኙበት። መዝጋቢ ተቋማት ደረጃ ለማሳደግ ሲጠየቁ የሚያዩት ይህንን ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ፊርማ መሰብሰብ ደግሞ፣ ቡድን መሪው ሥራ ለቅቆ ከሆነ፣ አይቻልም።